አውታርና ኅሊና

ለእንጀራው ሳይሆን ለፍቅሩ ብቻ፣ ከሥራ ሰዓት በፊት በማለዳ ወደ ቴኒስ ሜዳ የሚወርድ ሰው፣ ከተጋጣሚው ጋራ ከመታገሉ አስቀድሞ ከሁለት ነገሮች ጋራ ይታገላል፤ አንደኛው የሚባክን ኅሊናው፣ ሁለተኛው የሚያረጅ ዕቃው ነው። ብዙዎች ሁለቱን ለያይተው ያዩአቸዋል፤ ስለ ሐሳብ መሰብሰብ የሚያስተምረው ራኬቱን አያነሣም፣ ስለ ራኬቱ የሚመክረውም ሐሳብን ይዘነጋል። እኔ ግን በሜዳ ላይ ዘመን በቈጠርሁ መጠን፣ ያረጀ ዕቃ ዋና ጉዳቱ ምትን ማበላሸቱ ሳይሆን የተጫዋቹን ልቡና ከኳሱ አንሥቶ ወደ ራሱ መሳቡ እንደ ሆነ እያመንሁ መጥቻለሁ።

የራኬት ክር ጥንት የሚሠራው ከበግ አንጀት ነበር። የበገናችንም አውታር ከዚያው ከበግ አንጀት የሚፈተል ስለ ሆነ፣ በገና ደርዳሪ የሚያውቀውን ነገር ቴኒስ ተጫዋችም ሊያውቀው ይገባል፤ ይኸውም አውታር የሚደክመው በተበጠሰበት ቀን ሳይሆን ከተወጠረበት ሰዓት ጀምሮ መሆኑን ነው። ደርዳሪው ጆሮው ወዲያው ስለሚነግረው መቃኛውን አዙሮ ያጠብቀዋል፤ የራኬት ክር ግን አንድ ጊዜ በመወጠሪያው መኪና ከታሰረ በኋላ ተፈትቶ በሌላ ከመተካት በቀር የሚቃናበት መንገድ የለውም። ዛሬ በብዛት የምንጠቀምበት የፖሊስተር ክር ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ያታልላል፤ ጽኑ በመሆኑ ሳይበጠስ ወራት ይቈያል፣ ኳስን የሚቈጣጠርበት ውጥረቱ ግን ቀድሞ ያልቃል። መላላቱም ጥቂት በጥቂት ስለሚመጣ እጅ ሳይታወቀው ይለምደዋል፤ ኳሱ ከኋለኛው መስመር አልፎ እንዳይወድቅ ክንድ ምቱን ያሳጥራል፣ ትከሻም ይፈራል። አዲስ ክር በገባ ዕለት ይኸው በስውር የተማረው ፍርሃት ኳሱን በመረቡ ላይ ይጥለዋል፤ ተጫዋቹም ደኅናውን ክር ይረግማል።

በአዲስ አበባ ለምንጫወት ሰዎች የኳሱ ነገር ከዚህም ይረቅቃል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላላት፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳር ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው፤ የዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን ሕግም ከ1,219 ሜትር በላይ ለሚደረግ ጨዋታ የተለየ የኳስ ዓይነት የሚፈቅደው ስለዚህ ነው። ለዝቅተኛ አገር የተሠራ ኳስ ገና ከቆርቆሮው ሲወጣ እዚህ ከልኩ በላይ ይነጥራል፤ ስለዚህ የውስጥ ግፊቱ ጥቂት የጎደለለት ኳስ ለእኛ የተሻለ ይታዘዛል። ጠጉሩ ያለቀ ኳስ ግን ሌላ ነው፤ ነፋስ የሚይዘው ነገር ስለሌለው ይፈጥናል፣ ክሩም ስለማይጨብጠው ሽክርክሪትን አይቀበልም። እንግዲህ ያው አንድ ኳስ በአንድ በኩል እርጅናው ሲያበርደው፣ በሌላ በኩል ያፈጥነዋል ማለት ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው የኳሱን ጠባይ በራሱ ላይ፣ የራሱን ጉድለት በኳሱ ላይ ሲያላክክ ይኖራል።

ወደ ኅሊና ስመለስ፣ ሐሳብ የሚባክነው ኳሱ በመመላለስ ላይ ሳለ ይመስለን ይሆናል፤ ነገር ግን ያን ጊዜ ሰውነት በሥራ ላይ ስለሚጠመድ ለመባከን ፋታ የለውም። ጦርነቱ ያለው በሁለት ነጥቦች መካከል ሕጉ በሚፈቅደው 25 ሴኮንድ ውስጥ ነው። ያለፈው ስሕተት የሚቈጨው፣ የቢሮው ጉዳይ ትዝ የሚለው፣ የተሰነጠቀው የጫማ ሶልና በላብ የላላው የእጀታ መጠቅለያ ሰበብ ሆነው የሚቀርቡት በዚያች ሰዓት ነው። አሜሪካዊው አሠልጣኝ ቲሞቲ ጋልዌይ በ1974 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ተጫዋቹ ኳሱ ሲነጥርና ሲመታው ድምፁን አሰምቶ እንዲናገር መክሯል፤ እኔም «ነጠረ፣ መታሁ» እያልሁ ስለማመደው፣ በልምምድ ጊዜ ዐይንን በኳሱ ላይ ለማጽናት ከዚህ የሚበልጥ ዘዴ አላገኘሁም። ለ25ቱ ሴኮንድ ግን አይበቃም። ለዚያ የሚረዳኝ፣ ዐዋቂ ተጫዋቾች ሲያደርጉት እንደምናየው፣ ከቦታቸው የተንሸራተቱትን ክሮች በጣት እያቀኑ ዐይንን በእነርሱ ላይ ማሳረፍ ነው፤ ሰበብ ይሆን የነበረው ክር ያን ጊዜ የአርምሞ ስፍራ ይሆናል።

ስለ ትዕግሥትና ስለ ጸጥታ ሲነሣ ስሙ የማይቀረው ስዊድናዊው ብዮርን ቦርግ፣ ከ1976 እስከ 1980 እ.ኤ.አ. ዊምብልደንን በተከታታይ አምስት ጊዜ ያሸነፈው፣ ከብዙ ዓመት ዕረፍት በኋላ በ1991 እ.ኤ.አ. በሞንቴ ካርሎ እንደ ቀድሞው የእንጨት ራኬት ይዞ በመቅረብ በመጀመሪያው ግጥሚያ 6 ለ 2 እና 6 ለ 3 ተሸነፈ። የዕድሜውና የልምምዱ ጉድለት ሳይረሳ፣ እንደ እርሱ የረጋ ልቡና እንኳ የዕቃን ዘመን ማለፍ መሸፈን እንዳልቻለ ያን ዕለት ታይቷል።

እኔ አዲስ ክር ባሳሰርሁ ቍጥር ቀኑንና የውጥረቱን ልክ በወረቀት ጽፌ በራኬቱ ልብስ ውስጥ አኖራለሁ፤ የማለዳውንም ኳስ ከመጀመሬ በፊት በቁመቴ ልክ ጥዬ ንጥረቱን አያለሁ። በጨዋታው መካከል አንድ ምት ከመስመር ቢወጣ፣ ክሩ ነው ወይስ እኔ ነኝ የሚለው ክርክር ከሜዳ ውጭ አስቀድሞ ስለ ተፈረደ፣ 25ቱ ሴኮንድ ለእስትንፋስና ለሚቀጥለው ሰርቭ ይተርፋሉ።