ጀብዱ ከሽሮ ሜዳ በላይ

ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው «ምን እየሠራህ ነው?» ሲለኝ መልሴ «ፕሮሰስ ላይ ነኝ» ነበር። ፕሮሰሱ ሲያልቅ መኖር እጀምራለሁ። እስከዚያ አዲስ አበባ የኤምባሲ ወንበር ናት፤ ተቀምጬ ስሜ እስኪጠራ እጠብቃለሁ። ጓደኛዬ የአላስቴር ሃምፍሪስን «ማይክሮ አድቬንቸርስ» ያዋሰኝ በዚህ መሀል ነው።

ሃምፍሪስ እንግሊዛዊ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2005 በብስክሌት ዓለምን ዞሯል፤ 60 አገር፣ 74,000 ኪሎ ሜትር ገደማ። በ2014 ባወጣው በዚህ መጽሐፍ ግን ያ ሁሉ አያስፈልግም ይላል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ከሥራ ከምንወጣበት ከ11 ሰዓት እስከ ማግስቱ ጠዋት 3 ሰዓት ድረስ 16 ሰዓት አለ። ቅርብ ያለ ኮረብታ ውጡ፣ ውጭ እደሩ፣ ጠዋት ተመልሳችሁ ሥራ ግቡ።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። ዓለምን ዞሮ የጠገበ ሰው «ሰፈራችሁ ይበቃችኋል» ሲል መስማት ደስ አይልም። እሱ ቤቱ የሚቀረው መርጦ ነው፤ እኔ ደግሞ ቪዛ ስለሌለኝ። መጽሐፉ የተጻፈው መሄድ እየቻለ ለሚቀር ሰው ነው። ቃሉም ራሱ ያስቸግራል። በእኛ ቋንቋ ጀብዱ የጦር ሜዳ ሽታ አለው። «ጀብዱ ፈጸመ» ሲባል አርበኛ ነው ትዝ የሚለን፤ ቅዳሜ ጠዋት ሳይክል የነዳ ሰውማ ማን ያስታውሰዋል?

ግን ሳይሞክሩ መንቀፍም ደግ አይደለም። ያገለገለ ማውንቴን ባይክ አለኝ፤ በረንዳ ላይ አቧራ ለብሶ ከርሟል። አንድ ቅዳሜ 12 ሰዓት ላይ ከስድስት ኪሎ ተነሳሁ።

እስከ ሽሮ ሜዳ ደህና ነበርኩ። የሐበሻ ልብስ ሱቆቹ ገና አልተከፈቱም። ከዚያ መንገዱ ሽቅብ ይቆማል። ማርሹን እስከመጨረሻው አቀለልኩት፤ ሳንባዬ ግን እምቢ አለ። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ወርጄ መግፋት ጀመርኩ። በታክሲ ስንቴ ወጥቼዋለሁ፤ ዳገቱ የት ጋ እንደሚብስ ግን አላውቅም ነበር። እግሬ ነገረኝ።

የባሕር ዛፍ ጭራሮ ያዘሉ እናቶች ጎንበስ ብለው ቁልቁል እየወረዱ ነበር። አንዷ ሲያልፉ ቀና ሳይሉ «አይዞህ የኔ ልጅ፣ ደርሰሃል» አሉኝ። ሸክሙ እሳቸው ላይ፣ ማበረታቻው ለኔ። አፈርኩ። መጽሐፉ ላይ ያለኝ ትልቁ ቅሬታ እዚህ ላይ ገባኝ። የሃምፍሪስ ኮረብታ ሰው ከሥራ የሚያመልጥበት ነው። ይሄኛው ለእነዚህ እናቶች ሥራው ራሱ ነው። «ሰፈርህን እንደ አዲስ እየው» የሚል ሰው፣ መጀመሪያ የሚታየው መልክዓ ምድሩ ሳይሆን ሰው እንደሚሆንም ሊነግረኝ ይገባ ነበር።

ማርያም ጋ ስደርስ አንዲት ሴት ደጃቸው ላይ ቡና አፍልተዋል። አንድ ሲኒ ከፍዬ ልጠጣና ልሄድ አስቤ ነበር። «ለሽያጭ አይደለም፤ ቁጭ በል» አሉኝ፤ ሁለት ጎረቤቶቻቸውም ቦታ ለቀቁልኝ። አቦሉን ዝም ብዬ ጠጣሁ። ቶናው ላይ የማን ልጅ እንደሆንኩ ተጠየቅኩ። በረካው ሲደርስ ስለ ፕሮሰሱ አወራሁላቸው። ሴትዮዋ ዓረብ አገር ሰባት ዓመት ሠርተው የተመለሱ ናቸው። «ምን አለ እዚያ፣ አገርህ ይሻልሃል» እንዲሉኝ ጠብቄ ነበር።

«ካገኘህማ ሂድ እንጂ!» አሉ። «ግን እስክትሄድ ምን ትበላለህ? ቁርስ በልተሃል?» ብለው ቆሎውን ወደኔ ገፋ አደረጉት።

ቁልቁለቱን በዛፎቹ መሀል በጠጠሩ መንገድ ወረድኩ። አንድ ኩርባ ላይ የፊት ፍሬኑን አጥብቄ ያዝኩና ተነጠፍኩ፤ ክርኔ ተላጠ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ስልኬን ሳላይ፣ ኢሜይል መጣ አልመጣ ሳልል የዋልኩበት የመጀመሪያው ጠዋት ነበር።

ስለዚህ ፍርዴ እነሆ። ሃምፍሪስ ስለ ሰዓቱ ልክ ነው፤ 16ቱ ሰዓት እኛም ጋ አለ። መጽሐፉ የሚጎድለው አብሮ የሚቀመጥ ሰው ነው። በ2024 ያወጣው «ሎካል» ይሻለኛል። እዚያ አንድ ዓመት ሙሉ በቤቱ ዙሪያ ባለች አንዲት ካርታ ተወስኖ፣ በየሳምንቱ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ያያል። ይሄኛው ወደ ቡናችን ይቀርባል፤ አቦል ላይ ተነስተህ ብትሄድ የሚያመልጥህ ነገር አለ።

ፕሮሰሱ አላለቀም፤ ሲያልቅ እሄዳለሁ። የፊተኛውን ፍሬን ግን አሠርቻለሁ፤ ለሴትዮዋም ግማሽ ኪሎ ጥሬ ቡና ገዝቻለሁ። ቅዳሜ ይዤላቸው እወጣለሁ።