አብሮ የሚኖር አገልጋይ

በደቡብ ኦሞዋ የካኮ ከተማ ዙሪያ፣ በበናና በአሪ መንደሮች፣ የወንጌላዊውን ሥራ የማደንቀው ከስብከቱ ይልቅ ለአኗኗሩ ነው። በ1929 ዓ.ም. ጣሊያን የውጭ ሚሲዮናውያንን ከወላይታ ሲያስወጣ የተጠመቁት መቶ አይሞሉም ነበር፤ ሲመለሱ ግን ምእመናኑ በሺዎች ተቆጠሩ። ከዚያ በኋላ እንደ ማሃይ ጮራሞ ያሉ የወላይታ ወንጌላውያን ወደ ደቡብ ኦሞ ወረዱ። እንዲህ ያለ አገልጋይ ጎጆ ቀልሶ፣ ማሳ አርሶ፣ ቋንቋ ተምሮ ነው የሚያስተምረው። በቅል የቀረበለትን የተፈላ የቡና ገለባ ከሽማግሌዎች ጋር እየጠጣ ማን እንደታመመ፣ ማን ከማን እንደተጣላ ይሰማል።

ከሌላ አገር የመጣ ሰው ባህላችንን ንቋል የሚለው ወቀሳ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፤ ወንጌልን ከራሳቸው ልማድ ሳይለዩ ያስተማሩም አይጠፉም። ነገር ግን ንቀቱን የሚያርመው ያው አብሮ መኖሩ ነው። ሚንጊ፣ ማለትም መዓት ያመጣል፣ ተብሎ የሚጣል ሕፃን ጉዳይ በመመሪያ ብቻ አይፈታም፤ እናቲቱ በስሙ የምትጠራው፣ አባወራውም የሚሰማው ሰው ይፈልጋል። ዛሬ ወጣቱ ለትምህርትና ለሥራ ወደ ጂንካ እየሄደ ነው። ይህን የሚማር ወጣት ለማገልገል መጋቢዎች በሥነ መለኮት ይሠልጥኑ የሚሉት ትክክል ናቸው፤ ሥልጠናው ግን አገልጋዩን ከመንደሩ ነቅሎ ቢሮ የሚያስቀምጠው ከሆነ ቤተ ክርስቲያኒቱ ከምታገኘው የምታጣው ይበልጣል።