የድጓ ምልክትና የቅርብ ፎቶግራፍ፤ በጋይንት ምሳሌነት የቀረበ ሒስ

የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በፎቶግራፍ የማስቀረት ሥራ እስካሁን በብዛት የተካሄደው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ሥዕል ያለበትን ገጽ መርጦ በቀለም ማሳተም ሲሆን፣ ዩኔስኮ በ1961 ዓ.ም. ያወጣው፣ ዡል ለርዋ፣ ስቲቨን ራይትና ኦቶ ዬገር የጻፉበት የሥዕላዊ ብራናዎች መጽሐፍ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሁለተኛው መጽሐፉን ከሽፋን እስከ ሽፋን በጥቁርና ነጭ ማይክሮፊልም ማንሣት ነው። በ1973 ዓ.ም. የተጀመረው፣ በሚኒሶታ የሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ቤተ መጻሕፍት የተባበረበት ሥራ ከ8 ሺህ በላይ መጻሕፍትን በዚህ መንገድ አስቀርቷል፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ዝርዝራቸውን በማዘጋጀት የደከሙበት ነው። የፊተኛው መንገድ ገጹን እንደ ሥዕል፣ የኋለኛው ደግሞ እንደ ንባብ ያየዋል። ሁለቱም የሚመሰገኑ ናቸው። ነገር ግን ሁለቱም በሚገባ ያላዩት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ከፊደሉ በላይ የሚጻፈው ረቂቅ ምልክት ነው።

ይህ ጉድለት ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በጋይንት ነው። ከንፋስ መውጫ አገር የድጓ ምስክር ቤት የሆነችው ቤተ ልሔም እንዲሁም የዝማሬና የመዋሥዕት ጉባኤ የሆነው ዙር አባ የዚህ አካባቢ ክብር ናቸው። ቶማስ ፓክንሃም በ1950ዎቹ ዓመታት ወደ ቤተ ልሔም በደረሰ ጊዜ፣ ከውጭ ሲያዩት ተራ ክብ የሣር ክዳን በሚመስለው ቤት ውስጥ ጥንታዊ ባለ አራት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን ተሸሽጎ አገኘ፤ በ1959 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍም ለውጭው ዓለም አስታወቀ። ስለ ሕንፃው ብዙ ከተባለ በኋላ ግን፣ በቦታው ለዘመናት ሲነገር ስለኖረው ስለ ዜማው ጽሕፈት በምስል የተባለው ጥቂት ነው።

የድጓው ድርሰት የቅዱስ ያሬድ መሆኑ፣ ምልክቱን ግን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ሠሩት በሊቃውንቱ ዘንድ ይተረካል። ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክና ደረት፣ ከነዚህም ጋር ድርስና አንብር፣ ከቃሉ በላይ በእጅግ ቀጭን ብዕር ይጣላሉ፤ ከፊደል የተወሰዱት የዜማ ምልክቶችም እንዲሁ ደቀቅ ብለው ይጻፋሉ። ከእነዚህ አንዱ ቢፋቅ ወይም ቢሳሳት ንባቡ አይጎድልም፤ ዜማው ግን ይለወጣል። ስለዚህ የድጓ ፎቶግራፍ ፊደሉ ስለ ተነበበ ብቻ ተሳክቷል ማለት አይቻልም።

ነገሩ በቁጥር ሲመረመር ይበልጥ ይገለጣል። ቁመቱ 35 ሴንቲሜትር የሆነ ገጽ ርዝመቱ 36 ሚሊሜትር በሆነ የፊልም ክፍል ላይ ሲነሣ ወደ አንድ ዐሥረኛ ያህል ያንሳል። ውፍረቱ 0.2 ሚሊሜትር የሆነ ጭረት በፊልሙ ላይ 0.02 ሚሊሜትር ብቻ ይሆናል ማለት ነው። መልካም ማይክሮፊልም ይህን ሊይዝ ይችላል፤ ነገር ግን ጥቂት የማነጣጠር ስሕተት፣ ጥቂት መንቀጥቀጥ፣ ከቅጂ ላይ የተወሰደ ቅጂ ሲጨመርበት፣ ጭረቱን ከብራናው ቆዳ ጠባሳ መለየት አስቸጋሪ ይሆናል።

ለዚህ የሚስማማው መሣሪያ ሌንሱ የሚፈታ፣ መካከለኛ መጠን ፊልም የሚይዝ ካሜራ ነው፤ በ1957 ዓ.ም. የወጣው ሃሰልብላድ 500ሲ የታወቀ ምሳሌው ነው። በካሜራውና በሌንሱ መካከል መስተዋት የሌለበት ባዶ ቱቦ ሲገባ ሌንሱ ከፊልሙ ይርቃል፤ ምስሉም ይተልቃል። 80 ሚሊሜትር በሆነ ሌንስ ላይ የ55 ሚሊሜትር ቱቦ ቢጨመር፣ ሌንሱ ለሩቅ እንደ ተስተካከለ፣ ምስሉ የእውነተኛው 0.69 እጅ ይሆናል። የፊልሙ ክፍል በየጎኑ 56 ሚሊሜትር ስለሆነ፣ ከብራናው 8 ሴንቲሜትር ያህል ካሬ ይይዛል። ያ ባለ 0.2 ሚሊሜትር ጭረት አሁን በፊልሙ ላይ 0.14 ሚሊሜትር ሆኖ፣ ከማይክሮፊልሙ ሰባት እጥፍ ገዝፎ ይታያል።

ትርፉ ግን ያለ ዋጋ አይገኝም። ብርሃኑ በረዘመው መንገድ ስለሚሳሳ ሦስት እጥፍ ያህል ብርሃን ወይም ጊዜ ያስፈልጋል። የመክፈቻው ቁጥር 16 ቢሆን እንኳ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት ከ6 ሚሊሜትር አያልፍም፤ የተኮማተረ ብራና ደግሞ ከዚህ በላይ ሊነሣና ሊወርድ ይችላል። ሌንሱ ከገጹ 20 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ስለሚርቅ የካሜራው ጥላ በጽሑፉ ላይ ይወድቃል። በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ብርሃኑ ያንሳል፤ ብርሃን ፍለጋ ወደ ደጅ ቢወጣ፣ ስሟ ራሱ በሚመሰክርላት በንፋስ መውጫ አገር፣ ቅጠሉ በነፋስ ይርገበገባል። በሦስት እግር ላይ የቆመ ካሜራ የነፋስን ነገር አይፈታም፤ ገጹ ራሱ መያዝ አለበት፤ ገጹን በመስተዋት መጫን ደግሞ ቀለሙን ሊጎዳ ይችላል። የ150 ሚሊሜትር ሌንስ ከዚያው ቱቦ ጋር ቢገጠም ርቀቱ ከግማሽ ሜትር ያልፋል፤ ጥላውም ይቀራል፤ ምስሉ ግን ወደ 0.37 እጅ ይወርዳል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የብዛት ጥያቄ ነው። 35 በ25 ሴንቲሜትር የሆነን ገጽ በ8 ሴንቲሜትር ካሬ ለመሸፈን 20 ምስል ይፈልጋል። 200 ቅጠል ያለው ድጓ 400 ገጽ ነውና 8 ሺህ ምስል ይሆናል፤ አንዱ ጥቅል ፊልም 12 ምስል ብቻ የሚይዝ በመሆኑ ከ660 ጥቅል በላይ ይጠይቃል። በዛሬው የዲጂታል ካሜራ የፊልሙ ወጪ ቢቀርም ድካሙ አይቀርም። እንግዲህ የቅርብ ፎቶግራፍ የሙሉ ገጹን ፎቶግራፍ ይተካል የሚለው አሳብ ሊጸና አይችልም። የሚጸናው መምረጥ ነው፤ መምረጥ ደግሞ ማወቅን ይሻል። የተፋቀና እንደገና የተጻፈ ምልክት የት እንዳለ፣ የትኛው ቦታ ከሌላው ጉባኤ ዜማ እንደሚለይ የሚያውቀው ካሜራውን የያዘው ሰው ሳይሆን የድጓው መምህር ነው።

በዚህም ነጥብ ላይ የተለመደው አሠራር ሊነቀፍ ይገባዋል። ብዙ ጊዜ መምህሩ መጽሐፉን እንዲያወጣ ይጠየቃል፤ ምን መነሣት እንዳለበት ግን አይጠየቅም። ከዚህም የተነሣ የቅርብ ምስል ለዓይን የሚያምረውን፣ የመላእክትን ዓይን ወይም የሐረግን ጌጥ፣ ሲያሳይ ይገኛል። እንዲህ ያለው ምስል ሁለተኛ ስሕተትም ያመጣል፤ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህለውን ሥዕል በትልቅ ወረቀት ላይ ያለ ልክ ሲያትመው፣ ተመልካቹ የግድግዳ ሥዕል ያየ ይመስለዋል። ስለዚህ ማንኛውም የቅርብ ምስል በሚሊሜትር የተከፈለ ልክ በጎኑ ሊኖረውና ከሙሉ ገጹ ምስል ጋር ሊቀመጥ ይገባል። መብራቱም አንድ ጊዜ ከፊት፣ አንድ ጊዜ ከጎን ዝቅ ብሎ ሊሆን ይገባዋል፤ የመፋቂያውን ፋና፣ የመስመሩን ጭረትና የወስፌውን ቀዳዳ የሚገልጠው የጎን ብርሃን ነውና።

የሥራው ፍሬ የት ይቀመጣል የሚለው ጥያቄም ከዕውቀቱ የተለየ አይደለም። በ1932 ዓ.ም. የግሪዮል ተልእኮ ከጎንደር አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቹን ወደ ፓሪስ ሲወስድ፣ በቦታው የተወው ቅጂ ነበር። ካሜራ ይህን ሥርዓት መገልበጥ ይችላል፤ ዋናውን በቦታው ትቶ ቅጂውን ይወስዳል። ሆኖም ቅጂው በሩቅ አገር ብቻ ከተቀመጠ፣ የጋይንት ተማሪ የራሱን ጉባኤ ምልክት ለማየት ባሕር መሻገር ይኖርበታል፤ በደሉ መልኩን ለወጠ እንጂ አልጠፋም።

በመጨረሻም ምስሉ የቱንም ያህል ቢጠራ አይዘምርም። ምልክቱ ለሚያውቀው ሰው ማስታወሻ ነው እንጂ ከመምህሩ አፍ የሚሰማው ዜማ ምትክ አይደለም። የቅርብ ፎቶግራፍ ሙሉ ዋጋውን የሚያገኘው መምህሩ ያንኑ ገጽ ሲያዜም ከተቀዳው ድምፅ ጋር አብሮ ሲቀመጥ ነው፤ ያን ጊዜ መርማሪው የጭረቱን መልክና የጭረቱን ድምፅ ጎን ለጎን ያገኛል።