ሮለሩን የማያጠብቅ እጅ

ሽቦ ከጥቅል እየሳበ የሚበይደው ማሽን፣ ጋራዥ ውስጥ ሚግ ወይም ሲኦቱ የምንለው፣ ሲያስቸግር ሁለት ዓይነት ጠጋኝ ይመጣል። አንደኛው ሽቦው መንቀራፈፉን ሲሰማ የሮለሩን ማጥበቂያ ያዞራል። ሽቦው ይገፋል፣ ሰውየውም ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ሁለተኛው ማጥበቂያውን አላልቶ ሽቦውን በእጁ ይስባል። ገንዘቤን የምሰጠው ለሁለተኛው ነው።

በዚህ ማሽን ቮልቴጁን እኛ እንመርጣለን፤ አምፒሩን በዋናነት የሚወስነው ግን የሽቦው ፍጥነት ነው። ስስ ላሜራ ሲበየድ የሽቦው ጫፍ የቀለጠውን ብረት በሴኮንድ ከ20 እስከ 200 ጊዜ እየነካ ይቆረጣል። ሽቦው መንገድ ላይ ትንሽ ከተያዘ ያ ምት ይዛባል፤ ብየዳው ይተፋል፣ ይቆራርጣል። ባለቤቱ «ቦርዱ ተቃጥሏል» ይላል፤ ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለው ከጥቅሉ እስከ ቲፑ (ሽቦው በቶርቹ ጫፍ እስከሚወጣባት ቀዳዳ) ባለው መንገድ ላይ ነው።

የጠጋኙ ምዘና የማሽኑ ክዳን ሳይከፈት ይጀምራል። ማብሪያውን ብቻ አጥፍቶ ካቻቢቴ የሚያነሳን ሰው እዚያው አስቁሙት። ሶኬቱ ተነቅሎ ሠራተኛው በሚያየው ቦታ መቀመጥ አለበት፤ ወርክሾፕ ውስጥ «ማን ነቀለው?» ብሎ መልሶ የሚሰካ ደግ ሰው አይጠፋም። ማሽኑ ኢንቨርተር ከሆነ ነቅሎም መታገስ ያስፈልጋል። 220 ቮልቱ ውስጥ ገብቶ ወደ ዲሲ ሲቀየር 310 ቮልት ገደማ ይሆናል፤ በ380 የሚሠራው ደግሞ ወደ 540 ይጠጋል። ያ ኃይል ከተነቀለም በኋላ ካፓሲተሮቹ ውስጥ ለደቂቃዎች ሊቆይ ይችላል። አዋቂው የማሽኑ መመሪያ የሚለውን ያህል ጠብቆ፣ ቴስተሩን ዲሲ ላይ አድርጎ ለክቶ ነው እጁን የሚያስገባው። በካቻቢቴ አገናኝቶ ብልጭታ የሚያሳይ ጀግናም አለ፤ እሱ ጀግንነቱን በራሱ ማሽን ላይ ያሳይ።

ከዚያ ወደ ሽቦው። ቲፑ ተፈትቶ፣ የሮለሩ ክንድ ተነስቶ፣ ሽቦው ከቶርቹ ጫፍ በሁለት ጣት ሲሳብ ሳይንተፋተፍ መምጣት አለበት። ካልመጣ የት እንደተያዘ መፈለግ ነው ሥራው። የጥቅሉ ፍሬን ጠብቆ ይሆናል፤ ከላላም ሌላ ጣጣ አለው፤ በያጁ ሲያቆም ጥቅሉ መሽከርከሩን ይቀጥልና ሽቦው ይተረተራል። ላይነሩም (ሽቦው በኬብሉ ውስጥ የሚያልፍበት ቱቦ) በብናኝ ተሞልቶ ወይም የቶርቹ ኬብል ተረግጦ ታጥፎ ይሆናል። ጥቅል በተቀየረ ቁጥር ላይነሩን በደረቅ አየር የሚነፋ ወርክሾፕ ይህን ችግር ብዙም አያየውም።

ሮለሩ ያለበትን ሳጥን ከፍታችሁ ወለሉን ተመልከቱ። እዚያ ያለው የመዳብ ብናኝ የማሽኑን ታሪክ ይነግራችኋል፦ ሮለሩ ከመጠን በላይ ጠብቆ የሽቦውን ልባስ እየፋቀ ነው፤ የተፋቀውም ላይነሩን ይደፍናል። ላይነሩ ሲደፈን ሽቦው ይከብዳል፣ ሲከብድ ደግሞ አንዱ መጥቶ እንደገና ያጠብቃል። ትክክለኛውን ልክ ማግኘት ከባድ አይደለም። ቶርቹን ከደረቅ እንጨት ጥቂት ሴንቲ ሜትር አርቆ፣ አጋድሎ መልቀቅ ነው። ሽቦው እንጨቱን ነክቶ እየታጠፈ መውጣቱን ይቀጥላል፤ ጨርሶ ከተያዘ ግን ሮለሩ ሊንሸራተት ይገባል። የማይንሸራተት ሮለር ሽቦውን እዚያው ሳጥኑ ውስጥ ያወሳስበዋል። ለብረት ሽቦ ቪ ቅርጽ ያለው ቦይ፣ ለአልሙኒየም ዩ ቅርጽ፣ ውስጡ ዱቄት ላለው ሽቦ ጥርስ ያለው ሮለር ነው የሚገጠመው። ባለ ጥርሱን ለተራ ብረት ሽቦ የገጠመ ሰው ካያችሁ ሌላ ጥያቄ አያስፈልግም።

ቲፑ ላይ የሚደረግ አንድ ማታለያ አለ። ለ0.8 ሽቦ የ1.0 ቲፕ ይገጠማል፤ ሽቦው ስለማይያዝ ደንበኛው ይደሰታል። ነገር ግን ኤሌክትሪኩ ወደ ሽቦው የሚገባው በዚያች ቀዳዳ ግድግዳ ነው። ቀዳዳው ሲሰፋ ንክኪው ይቆራረጣል፣ አርኩም ይቅበዘበዛል። ቲፕ ርካሽ ዕቃ ነው፤ ቀዳዳው ሞላላ ሲሆን ይጣላል።

ጋዙን የሚያውቅ ሰው ፍሰቱን ሬጉሌተሩ ላይ አይቶ ብቻ አይበቃውም፤ ኖዝሉ ጫፍ ላይ ይለካል። ለቀላል ሥራ በደቂቃ ከ10 እስከ 15 ሊትር በቂ ነው፤ ከመጠን ያለፈ ፍሰት ራሱ አየር ጎትቶ ያስገባል። መጋጠሚያዎቹን በሳሙና ውኃ ይፈትሻል። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደር ውስጥ ፈሳሽ እስካለ ድረስ ጌጁ በ20 ዲግሪ ሙቀት 57 ባር አካባቢ ቆሞ ይቆያል፤ ስለዚህ ጌጅ አይቶ «ግማሽ አለው» የሚል ሰው እየገመተ ነው። የሚታወቀው በሚዛን ነው።

የግራይንደር ብናኝ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ቦርድ ላይ ሲተኛ አደገኛ ነው። በደረቅና ለስላሳ አየር ይነፋል፤ ሲነፋ ማራገቢያው በእጅ ይያዛል እንጂ እንዲበር አይለቀቅም። የሚነፋው ሰውም ማስክና መነጽር ያድርግ። ለማጽዳት የፍሬን ማጽጃ የሚረጨውን ግን ከልክሉት፤ ክሎሪን ያለበት ማጽጃ ከአርኩ ጨረርና ሙቀት ጋር ሲገናኝ ፎስጂን የተባለ መርዝ ጋዝ ይፈጥራል። አዲስ ቀለም ተቀብቶ የሚመለስ ማሽንም ያጠራጥረኛል። ክዳኑ ሳይዘጋ በፊት የማየው አረንጓዴና ቢጫውን የኧርዝ ሽቦ ነው፤ ብዙ ጊዜ ተቆርጦ ወይም ከቀፎው ተፈትቶ ይገኛል።

ማሽኑ ሲመለስ የቶርቹ ኬብል ተዘርግቶ እንዲሞከር አትፍቀዱ፤ ሥራ ላይ መቼ ተዘርግቶ ያውቃል? ጠምዘዝ አድርጋችሁ በምትሠሩበት ላሜራ ላይ በይዱ፤ ድምፁ ሳይሰበር መቀጠል አለበት። ካቆማችሁ በኋላ ላሜራው ላይ የተያዘውን የማሳ መቆንጠጫ ንኩት፤ ከኬብሉ በላይ ከጋለ ንክኪው መጥፎ ነው። በመጨረሻም የተቀየሩትን አሮጌ ዕቃዎች ጠይቁ። ሒሳቡ ላይ ቦርድ ብቻ ተጽፎ ላይነሩና ቲፑ የድሮው ከሆኑ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ሽቦውን ራሳችሁ ሳቡት።