ኮምፒዩተር ያለእኩልነትን ሲያርም

−2ኤክስ + 3 ≥ 7 የሚለውን ጥያቄ በእጁ የሚያርም መምህር ብዙም አይቸገርም። አንዱ ተማሪ ኤክስ ≤ −2፣ ሌላው −2 ≥ ኤክስ፣ ሦስተኛው ደግሞ (−∞, −2] ብሎ ቢጽፍ ሦስቱንም ትክክል ብሎ ያልፋል። ጥያቄው ኢንተርኔት ላይ ወጥቶ በኮምፒዩተር ይታረም ሲባል ግን ነገሩ ይከብዳል። ኮምፒዩተሩ የሚያየው የምልክቶችን ተርታ ነው፤ ሦስቱ መልሶች አንድ መሆናቸውን የሚያስረዳው ኮዱን የሚጽፈው የጥያቄ አዘጋጅ ነው።

ለዚህ ሥራ ስማቸው ከሚጠራ ሥርዓቶች አንዱ ዌብወርክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካው ሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ማይክል ጌጅና አርኖልድ ፓይዘር ጀመሩት። ሌላው፣ ክሪስ ሳንግዊን እ.ኤ.አ. በ2004 በእንግሊዝ በርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ የጀመረው ስታክ ነው። ዌብወርክ ተማሪው የጻፈውን ያለእኩልነት ወደ ቁጥሮች ስብስብ ይለውጥና ከትክክለኛው ስብስብ ጋር ያመሳክረዋል።

ለምን ይህን ያህል መድከም ያስፈልጋል? የአልጀብራ መግለጫ ሲታረም የተለመደው ዘዴ በኤክስ ቦታ ጥቂት ቁጥሮችን በዘፈቀደ እየተኩ ውጤቱን ማነጻጸር ነው። ያለእኩልነት ላይ ይህ ዘዴ ጉድ ይሠራል። ኤክስ < −2 እና ኤክስ ≤ −2 የሚለያዩት በአንዲት ነጥብ፣ በራሷ በ−2 ብቻ ነው። በዘፈቀደ የወጡት ቁጥሮች እሷን የማግኘታቸው ነገር የማይታሰብ ስለሆነ፣ ድንበሩን የሳተው ተማሪ ሙሉ ነጥብ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ድንበሮቹ ለብቻቸው መፈተሽ አለባቸው።

በሌላ በኩል የመፍትሔው ስብስብ አንድ መሆኑን ብቻ የሚያይ አራሚ ከሚገባው በላይ ቸር ነው። ምንም ሳይሠራ ጥያቄውን ራሱን፣ −2ኤክስ + 3 ≥ 7ን፣ ገልብጦ የሚያስገባ ተማሪ የመፍትሔው ስብስብ ከትክክለኛው አንድ ነውና ያልፋል! ጎበዝ አዘጋጅ ኤክስ ብቻውን በአንድ ወገን መቆሙንም እንዲመረምር አድርጎ ኮዱን ይጽፋል።

ቁጥሮቹም የራሳቸው ጣጣ አላቸው። እያንዳንዱ ተማሪ የተለያየ ጥያቄ እንዲደርሰው የኤክስ አባዢ በዘፈቀደ ይወጣል እንበል። ከ−5 እስከ 5 ካሉት ሙሉ ቁጥሮች ይውጣ ከተባለ 0 ሲወጣ ኤክስ ከጥያቄው ይጠፋል፤ ፖዘቲቭ ሲወጣ ደግሞ ምልክቱን መገልበጥ አያስፈልግም። አንዱ ዋናውን ነገር ሲፈተን ጎረቤቱ በቀላሉ ያልፋል፤ ይህ ፍትሐዊ አይደለም። ከ−5 እስከ −2 ቢወሰን ይሻላል። ያን ጊዜም ክፍልፋይ ይመጣል፦ የ−3ኤክስ ≥ 1 ድንበር −1/3 ነው። ዌብወርክ ሌላ ካልታዘዘ የሚፈቅደው ልዩነት 0.1 በመቶ ስለሆነ −0.3333 ሲያልፍ −0.33 ይወድቃል። ይህን ተማሪው አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባል።

≤ በተለመደው ኪቦርድ ላይ የለም። ተማሪው <= ወይም =< ብሎ ይጽፋል። ስታክ ሁለተኛውን አይቀበልም፤ ምልክቱ ወደ ኋላ ዞሯል ብሎ ይመልሰዋል፣ ነጥብ ግን አይቀንስበትም። ትክክለኛው አሠራር ይኸው ነው፤ በአጻጻፍ ስህተት ውጤት መቀነስ የሂሳብ እውቀትን መመዘን አይደለምና። 1 < ኤክስ < 5 ዓይነቱን ሰንሰለትም ዌብወርክ ሲቀበል ስታክ አይቀበልም፤ በ«እና» ወይም በ«ወይም» አያይዙት ይላል። ለኤክስ² − 5ኤክስ + 6 > 0 ይህ ጥብቅነት ይጠቅማል። ብዙ ተማሪ 2 > ኤክስ > 3 ብሎ ይጽፋል፤ ከ2 የሚያንስ ሆኖ ከ3 የሚበልጥ ቁጥር ግን የለም። ለያይተህ ጻፍ ሲባል «ኤክስ < 2 ወይም ኤክስ > 3» ለማለት ማያያዣውን ራሱ መምረጥ ግድ ይሆንበታል።

ለመጀመሪያው ጥያቄ፣ ለ−2ኤክስ + 3 ≥ 7፣ ኤክስ ≥ −2 ብሎ የሚመልስ ተማሪ እንደማይጠፋ የታወቀ ነው፤ በነጌቲቭ ሲያካፍል ምልክቱን መገልበጥ ረስቷል። በስታክ አዘጋጁ ለዚች ስህተት የራሷን ቅርንጫፍ ከፍቶ ከፊል ነጥብና «በነጌቲቭ ስታካፍል ምልክቱ ምን ሆነ?» የሚል አስተያየት ሊያስቀምጥላት ይችላል። በዌብወርክም የኢንተርቫሉ የትኛው ጫፍ እንደተሳሳተ የሚጠቁሙ ምርጫዎች አሉ። ለቤት ሥራ ሁሉም ቢከፈቱ ጥሩ ነው። ለፈተና ግን ይዘጉ፤ አለበለዚያ ተማሪው ጫፎቹን እየቀያየረ ትክክለኛው እስኪገጥምለት ይሞክራል።