የታይሮይድ ዕጢ ድካም፦ «ክኒን ወይስ ተፈጥሮ?» የተባለው ጥያቄ ሲመረመር

ነቀምት ከተማ ውስጥ በከኒሳ ቀሴ የሚባል ሠፈር አለ። በከኒሳ በኦሮምኛ ብሳና ማለት ነው። ብሳና ደግሞ በምዕራቡም ሆነ በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል ቅጠሉና ቅርፊቱ ለቁስል፣ ለጭርትና ለሆድ ትላትል ሲታዘዝ የኖረ ዛፍ ነው። ሠፈሩን በመድኃኒት ዛፍ ስም የሚጠራ ሕዝብ፣ ሐኪም የዕድሜ ልክ ክኒን ሲያዝለት «ከተፈጥሮ የሚገኝ ሌላ ነገር የለም ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ የሚያስደንቅ አይደለም። የሚያስደንቀው ለጥያቄው የሚሰጠው መልስ ነው። በአንድ በኩል ሥር ማሹና ቅጠል በጣሹ፣ ከእነርሱም ጋር በየጊዜው ከውጭ የሚገባው የ«ተፈጥሯዊ ሕክምና» ምክር፣ ክኒኑን ኬሚካል ብለው ያወግዙታል። በሌላ በኩል ሐኪሙ በተጣበበ ሰዓቱ ቅጠሉን በአንድ ግልምጫ ያልፈዋል። ሁለቱም ወገኖች ግን በአንድ ነገር ይስማማሉ፦ ክኒኑ በአንድ ወገን፣ ተፈጥሮ በሌላ ወገን መቆማቸውን ሳይመረምሩ ተቀብለዋል። በታይሮይድ ዕጢ ድካም ረገድ፣ በተለይም በወለጋ፣ ይህ ክፍፍል እውነት አይደለም።

ስሕተቱ የሚጀምረው ከቃሉ ነው። በአማርኛ ይህን ዕጢ የሚመለከተው ሕመም ሁሉ በተለምዶ «እንቅርት» ይባላል። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው ተረት እንኳ እንቅርትን የሚያውቀው በዓይን የሚታይ እብጠት በመሆኑ ነው። የዕጢው ድካም ግን በአብዛኛው በዓይን አይታይም። ድካም፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የሆድ ድርቀት፣ የቆዳ መድረቅ፣ የድምፅ መጎርነን፣ የወር አበባ መዛባት፣ የልብ ምት መዘግየት፣ የሐሳብ መፍዘዝ እያለ ቀስ በቀስ ይመጣል፤ እያንዳንዱም ምልክት ሌላ ምክንያት ሊሰጠው የሚችል ነው። ትልቅ እንቅርት ያለበት ሰው የዕጢው ሥራ ጤናማ ሊሆን ይችላል። አንገቱ ላይ አንዳች እብጠት የማይታይበት ሰው ደግሞ ዕጢው ከነጭራሹ ሥራውን አቁሞ ሊገኝ ይችላል። እንቅርትን ይከላከላል ተብሎ በአንገት ላይ ከሚደረገው ንቅሳት ጀምሮ እስከሚለጠፈው ቅጠል ድረስ፣ የባህሉ ሕክምና ውጤቱን የሚመዝነው እብጠቱን በማየት ነው። ዓይን ሊያይ የማይችለውን ነገር በዓይን መመዘኑ ነው ችግሩ። ሆርሞኑ መጉደሉን የሚነግረው የደም ምርመራ ነው፤ በተለይም ቲኤስኤች የሚባለው፣ አንጎል ሥር ያለችው ዕጢ ታይሮይድን «ሥራ!» እያለች የምትልከው መልእክት መጠን። ዕጢው በደከመ ቁጥር ይህ ጥሪ እየበረታ ይሄዳል።

ተፈጥሮ ራሷ በወለጋ ምን እንዳደረገች መመልከት ይገባል። ነቀምት ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች፣ ዝናብም የሚበረታባት ከተማ ናት። በእንዲህ ያለው ደጋ ለዘመናት የወረደው ዝናብ አዮዲኑን ከአፈሩ እያጠበ ወደ ወንዝ ወስዶታል። አዮዲን ከሌለው አፈር የበቀለ እህልም፣ ያንን ሣር የበላች ላም ወተትም አዮዲን አይኖራቸውም። ዕጢው ደግሞ ሆርሞኑን የሚሠራው ከአዮዲን ነው። ጨውም ቢሆን በተፈጥሮው አያድንም። ከአፋር ቆላ እየተቆረጠ በቅሎና አህያ ተጭኖ እስከ ወለጋ ገበያ ድረስ እንደ ገንዘብ ይዘዋወር የነበረው አሞሌ፣ በንጽሕናው የሚመካበት የተፈጥሮ ጨው ሆኖ ሳለ፣ የአንገትን እብጠት አላስቀረም። በመላ አገሪቱ ከ35 ሺህ በላይ ተማሪዎችን መርምሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመው ጥናት ከመቶው 30.6 ያህሉ እንቅርት እንዳለባቸው አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው ሌላ ጥናት ደግሞ ከ6 እስከ 12 ዓመት ከሆናቸው ሕፃናት መካከል ወደ 40 በመቶ የሚጠጉት እንቅርት እንዳለባቸው አመለከተ። በዚህ ምድር «ወደ ተፈጥሮ መመለስ» ማለት ወደ እንቅርት መመለስ ነው።

ለውጥ ያመጣው በሰው እጅ በጨው ላይ የሚረጨው አዮዲን ነው። የሚኒስትሮች ምክር ቤት የጨው አዮዲን ደንብ ቁጥር 204/2003 በወጣበት ዘመን፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው ከመቶ ቤቶች በ15ቱ ብቻ ነበር። በ2016ቱ ተመሳሳይ ጥናት ግን ቁጥሩ 89 ደረሰ። ይህ በአምስት ዓመት የተገኘ ታላቅ ውጤት ነው፤ ነገር ግን በየቤቱ የተደረገው ፈጣን ምርመራ የሚነግረው አዮዲን መኖሩን እንጂ በቂ መሆኑን አይደለም። በገበያ ላይ ተዘርግቶ ፀሐይና ዝናብ የተፈራረቀበት፣ ወይም ባለቤቲቱ «እንዲነጻ» ብላ ያጠበችው ጨው አዮዲኑን ያጣል። ተከድኖ መቀመጡና ወጡ ሊወጣ ሲል መጨመሩ ትንሽ ነገር ቢመስልም ዋጋው ብዙ ነው።

ይሁንና የጨው ቅስቀሳው ሳያስበው ያስከተለው ሌላ ስሕተት አለ፤ ለዚህም ተወቃሹ የጤናው ሙያ ራሱ ነው። ሕዝቡ «የእንቅርት መድኃኒቱ ጨው ነው» ብሎ ተምሯል። አዮዲን ያለው ጨው የሚከላከለው ከአዮዲን እጥረት የሚመጣውን ችግር ነው። የሰውነቱ መከላከያ ኃይል በራሱ ዕጢ ላይ ተነሥቶ ያፈረሰበት፣ ወይም ዕጢው በቀዶ ሕክምና የወጣለት ሰው ግን ጨው ቢቅም ምን ይፈይድለታል? አዮዲን ጥሬ ዕቃ ነው፤ ባለሙያው ከሞተ ጥሬ ዕቃው ቢከመር ልብስ አይሸመንም። ከዚህም በላይ፣ ለብዙ ዓመታት አዮዲን ተጠምቶ የኖረና እባጭ ያበጀ ዕጢ በድንገት ብዙ አዮዲን ሲያገኝ ከልክ በላይ ወደ መሥራት ሊዞር፣ ልብንም ሊያስጨንቅ ይችላል፤ በዚምባብዌ አዮዲን ያለው ጨው በተስፋፋባቸው በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የታየው ይህ ነው። በመጠኑ የተለካ ጨው ከሚሰጠው ጥቅም አንጻር ይህ አደጋ ጨውን የሚያስተው አይደለም። ነገር ግን የአዮዲን ጠብታና ከባሕር አረም የተሠራ እንክብል «ለታይሮይድ» እየተባለ ሲሸጥ ልብ ሊባል ይገባል።

የቀዶ ሕክምናው ነገር ለብቻው ሊነሣ የሚገባው ነው። የስዊዘርላንዱ ቀዶ ሐኪም ቴዎዶር ኮኸር፣ ኋላ እ.ኤ.አ. በ1909 የኖቤል ሽልማት ያገኘው፣ እንቅርታቸውን ሙሉ በሙሉ ያወጣላቸው ሕሙማን ከጊዜ በኋላ ፊታቸው አብጦ፣ አእምሯቸው ፈዝዞ መመለሳቸውን በ1883 በግልጽ አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ ከ140 ዓመት በላይ ሆኗል። ዛሬም አንገቷ ሜዳ ሆኖ ከሆስፒታል የወጣች ሴት «ድኛለሽ» ተብላ ከተሸኘች፣ ከወራት በኋላ የሚመጣባትን ድካምና ብርድ ከቀዶ ሕክምናው ጋር የሚያገናኝላት አይኖርም። ያን ጊዜ የምትሄደው ወደ ባህል አዋቂው ነው፤ ይህ ደግሞ የእርሷ ጥፋት ተብሎ ሊቆጠር አይችልም።

ወደ ክኒኑ ሲመጣ፣ «ኬሚካል» ተብሎ የተወገዘው ይህ መድኃኒት የትውልድ ሐረጉ ከበግ በረት ነው። እ.ኤ.አ. በ1891 እንግሊዛዊው ሐኪም ጆርጅ መሪ ከበግ ታይሮይድ ዕጢ የተጨመቀ ፈሳሽ የ46 ዓመት ሴት ለሆነች ሕመምተኛ ወጋ። ሴትየዋ ዳነች፤ ቆይቶም ጭማቂውን በአፏ እየወሰደች ሌላ 28 ዓመት ኖረች። ለእርሷ ብቻ የ870 በጎች ዕጢ አልቋል ይባላል፤ በነቀምት የበዓል ገበያ ዋጋ ለሚያሰላው ሰው ይህ ቁጥር የሚያስደነግጥ ነው። በ1914 አሜሪካዊው ኤድዋርድ ኬንዳል ከዕጢው ውስጥ ታይሮክሲንን ነጥሎ አወጣ፤ በ1927 ደግሞ ሃሪንግተንና ባርጀር የተባሉት በቤተ ሙከራ ሠሩት። በመድኃኒት ቤት መደርደሪያ ላይ ያለው ሌቮታይሮክሲን የሰው ዕጢ ከሚሠራው ታይሮክሲን ጋር አንድ ነው። «ተፈጥሯዊ» እየተባለ በውጭ አገር የሚሸጠው የደረቀ የከብት ወይም የአሳማ ዕጢ ይልቅ ከሰው የሚለየው፣ በውስጡ ያሉት የሁለቱ ሆርሞኖች ሚዛን የእንስሳው እንጂ የሰው ባለመሆኑ ነው።

ታዲያ ቅጠሉ ስለምን «ሠራ» ይባላል? ምስክሮቹ ውሸታሞች ስለሆኑ አይደለም። መልሱ ያለው በሆርሞኑ ጠባይ ነው። ታይሮክሲን በደም ውስጥ በግማሽ የሚቀንሰው በሰባት ቀን ነው። ክኒኑን ዛሬ ያቆመ ሰው በሳምንቱ ግማሹ፣ በሁለት ሳምንቱ ሩቡ ይቀረዋል፤ ዕጢው ጥቂትም ቢሠራ ደግሞ ጉድለቱ ከዚህም ይዘገያል። ስለዚህ ክኒኑን ጥሎ ሥሩን መጠጣት የጀመረ ሕመምተኛ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደኅና ነው። እንዲያውም በየማለዳው ክኒን ከመዋጥ በመገላገሉ ደስ ይለዋል፤ ለጎረቤቱም ይመሰክራል። ክኒኑ ያስቀመጠው ስንቅ ሲያልቅ፣ ድካሙ ተመልሶ ሲመጣ፣ ምስክርነቱ ሠፈሩን ዞሮ ጨርሷል። መመለሱም ቀስ በቀስ ስለሆነ ለእርጅና፣ ለሥራ ብዛት፣ ለክረምቱ ብርድ ይሰጣል። የቅጠሉ ዝና ከክኒኑ የተበደረው ብድር ነው ማለት ይቻላል። በአንጻሩ በእውነት ያለ ክኒን የሚድኑም አሉ፤ ከወሊድ በኋላ የሚከሰተው የዕጢ መቆጣት በብዙዎች ዘንድ በወራት ውስጥ ራሱ ይሽራል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ማንኛውንም ነገር የጠጣች እናት በጠጣችው ነገር የዳነች ይመስላታል። ሐኪሙም ይህን ሳያጣራ ለእንዲህ ያለችው ሴት የዕድሜ ልክ ክኒን ካዘዘ፣ ከቅጠል በጣሹ የተሻለ አልሠራም።

የተፈጥሮ ወዳጆች የሚያቀርቡት የምግብ ክልከላም ሚዛን የጎደለው ነው። ጎመን የዕጢውን ሥራ የሚያውክ ንጥረ ነገር አለው መባሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ተቀቅሎ በልክ የሚበላ ጎመን አዮዲን ለማይጎድለው ሰው ሥጋት አይሆንም። ድሀን ሰው ከጎመኑ መለየት ሕክምና አይደለም። በሌላ በኩል እውነተኛው የምግብና የክኒን ጠብ ማንም ሳይናገረው ይቀራል፤ እርሱም ቡና ነው። በጣሊያን ተደርጎ በ2008 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት ክኒኑ ከቡና ጋር ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው መጠን በውኃ ከተወሰደው እንደሚያንስ አሳይቷል። በወለጋ ደግሞ ማለዳና ቡና አይለያዩም። «በባዶ ሆድ ውሰጂ» የተባለችው የነቀምት እናት ቡናን ከምግብ አትቆጥረውም፤ ክኒኗን በስኒዋ ታወራርዳለች። ምርመራው ሆርሞኑ አልበቃም ይላል፤ መጠኑ ይጨመራል፤ ደግሞ ይጨመራል። አንድ ቀን ቡናውን በጾም ወይም በሕመም ምክንያት ስትተው የተጨመረው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይገባና ልቧ ይመታል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል። ያን ጊዜ «ክኒኑ መርዝ ነው» ብትል ማን ይፈርድባታል? ወተትም፣ የደም ማነስ የብረት እንክብልም፣ የካልሲየም ክኒንም እንዲሁ ከሌቮታይሮክሲን ጋር አብረው አይሄዱም፤ የብረቱና የካልሲየሙ እንክብል በአራት ሰዓት ያህል መራቅ አለባቸው። በመስቀል ሰሞን በወለጋ ማዕድ ላይ የሚከበረው አንጮቴም የሚወደሰው በካልሲየሙ ስለሆነ፣ ከክኒኑ ጋር ባይገናኝ ይመረጣል፤ መብላቱ ግን የሚከለከል አይደለም።

በጸበልና በጸሎት ረገድ ጠቡ መኖር አልነበረበትም። በኤድስ መድኃኒት ዘመን ተመሳሳይ ጥያቄ ተነሥቶ፣ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ምእመናን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ መክረዋል። ለታይሮይድ ክኒን ሌላ ሥነ መለኮት አያስፈልግም፤ በተለይም ክኒኑ በባዶ ሆድና በውኃ የሚዋጥ ሆኖ ሳለ።

የነገሩ ክብደት ከሁሉ ይልቅ የሚታየው በእርጉዝ ሴት ላይ ነው። ፅንሱ በመጀመሪያዎቹ ወራት አንጎሉን የሚገነባው በእናቱ ታይሮክሲን ነው፤ በዚያ ወቅት ክኒን የምትወስደዋ እናት የሚያስፈልጋት መጠን ከሩብ እስከ ግማሽ ያህል ይጨምራል። ብዙ ሴቶች ግን መድኃኒት ፅንስን ይጎዳል በሚል ፍራቻ ክኒናቸውን የሚያቆሙት በዚሁ ወቅት ነው። ያለ ዕጢ ወይም በደከመ ዕጢ የተወለደ ሕፃን ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሕክምና ካልጀመረ አእምሮው የሚያጣው ነገር ኋላ አይመለስም፤ እያንዳንዱን አራስ ልጅ ለዚህ መመርመር በኢትዮጵያ ገና የተለመደ አይደለም። በምዕራብ ኦሮሚያ ባለፉት ዓመታት የደረሰው ግጭት መንገድ በዘጋባቸው ጊዜያት፣ የሚያልቅ ክኒንና የሚዘገይ ምርመራ ለእነዚህ እናቶች ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ለእነርሱ የሁለት ወር ክኒን አስቀድሞ መስጠት፣ ምርመራውንም መጠኑ በተለወጠ በስድስት ወይም በስምንት ሳምንት ውስጥ ከሌላ ጉዳይ ጋር አጣምሮ ማድረግ፣ አዲስ መሣሪያ የማይጠይቅ ሥራ ነው።

የቡናውም ነገር ቢሆን መላ አለው። በሆላንድ ተደርጎ በ2010 (እ.ኤ.አ.) በታተመ ጥናት ክኒኑን ማታ ሊተኙ ሲሉ የወሰዱት ሕሙማን ማለዳ ከወሰዱት የተሻለ የሆርሞን መጠን ተገኝቶባቸዋል። እራቷን በጊዜ የምትበላ የበከኒሳ ቀሴ እናት፣ ከእራት በኋላ ሦስት ሰዓት ያህል ቆይታ፣ መብራት ከማጥፋቷ በፊት በአንድ ብርጭቆ ውኃ ልትውጠው ትችላለች። የማለዳው ቡና ሦስቱም ስኒ እንዳለ ይቆያታል።