ፊሽካው ሳይነፋ

የሚኒሶታ ልጅ ራግቢ የሚጀምረው ሌላ ስፖርት ለምዶ ከጨረሰ በኋላ ነው። ኒውዚላንድ ውስጥ ሕፃን በአምስትና በስድስት ዓመቱ ኳሷን አቅፎ ይሮጣል። እኛ በርንስቪል ከተማ የሚመጣልን ግን የአሜሪካ ፉትቦል፣ ሆኪ ወይም ትግል ሰውነቱ ውስጥ የገባ ጎረምሳ ነው። እኔ ታክል፣ ማለትም ኳስ የያዘን ሰው ይዞ መጣልን፣ አስተምራለሁ፤ ሥራዬም ከማስተማር ይልቅ ወደ ማስረሳት ያደላል።

የፉትቦል ልጅ ድፍረት አያንሰውም። ሮጦ ይመጣል፣ ይገጥማል፣ ይጥላል። ችግሩ ከዚያ ወዲያ ነው። በለመደው ጨዋታ ኳስ የያዘው ሰው ሲወድቅ ፊሽካ ይነፋና ሁሉም አቧራውን አራግፎ ወደ መስመሩ ይመለሳል። በራግቢ ጨዋታው አይቆምም። የወደቀው ኳሷን መልቀቅ አለበት። የጣለውም ወዲያው እጁን አላቅቆ ከመንገድ መንከባለል አለበት፤ ካልሆነ ቅጣት ነው። በእግሩ ቆሞ ቀድሞ የደረሰ ይነጥቃታል። ከሁለቱም ወገን ሰዎች ኳሷ ላይ ቆመው መገፋፋት ከጀመሩ ረክ ተፈጥሯል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ረኩ የሚገባ ሰው በእጁ ሊነካት አይችልም። ይህ ሁሉ የሚያልቀው በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ነው። ጀማሪው ግን በዚያች ሰዓት ሥራውን የጨረሰ መስሎት ተጋድሞ ሰማይ ያያል።

ስለዚህ ልምምዴን ከመጨረሻው እጀምራለሁ። መጀመሪያ አስተኛቸውና አነሣስ አስተምራለሁ፦ ጉልበትን ከሆድ ሥር ማስገባት፣ መሬቱን በእጅ መግፋት፣ ቀና ከማለት በፊት ኳሷ የት እንዳለች ማየት። አሰልቺ ነው፤ ልጆቹም ይነግሩኛል። መጣሉ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

በመጣል ላይ ትልቁ ጣጣ ጭንቅላት ነው። ሄልሜት ለብሶ ያደገ ልጅ ጭንቅላቱን እንደ መዶሻ ያስቀድማል። እኛ ትከሻ እናስቀድማለን፤ ጭንቅላት ከሚጣለው ሰው ጎን ይሆናል፣ እጆች ይጠመጠማሉ፣ እግሮች መገስገሳቸውን አያቆሙም። ከትከሻ መስመር በላይ መያዝ ክልክል ነው። «ጉንጭህን ከመቀመጫው አጣብቅ» ስላቸው ይስቃሉ፤ የሳቁበትን ደግሞ አይረሱም። እ.ኤ.አ. በ2014 ሱፐር ቦውል ያሸነፈው የያኔው የሲያትል ሲሃውክስ አሰልጣኝ ፒት ካሮል፣ በዚያው ዓመት ከራግቢ የተወሰደ የትከሻ ታክል የሚያስተምር ቪዲዮ አሠራጭቶ ነበር። የፉትቦል ልጆች አባቶች እኔን ባይሰሙኝ እሱን ይሰሙታል።

የኛ የሐበሻ ልጆች ደግሞ የሚመጡት ከእግር ኳስ ነው። እግራቸው ፈጣን፣ ዓይናቸው ሰፊ ነው፤ ባዶ ቦታ ማንም ሳይነግራቸው ያያሉ። ሰው ሲመጣባቸው ግን ዞር ይላሉ። ከነሱ ይልቅ የሚከብደኝ ግን ወላጅ ነው። አንዲት እናት፣ «ወንድሜ፣ ሄልሜት እንኳ የላቸውም እንዴ? ልጄን ሰብረህ ልትመልስልኝ ነው?» ብላኛለች። ባልየው ገጠር ያደገ ነውና፣ የገና ጨዋታ ሲጫወቱ ዱላው ቅልጥም ላይ እንዴት እንደሚያርፍ እየሳቀ ማውራት ጀመረ። «አንተ ዝም በል፤ ግንባርህ ይመሰክርብሃል» አለችው። እውነቷን ነው። ለፍርሃቷ ግን መልስ አለኝ፦ የሚኒሶታ ሕግ ከ2011 ወዲህ ጭንቅላቱ ተመትቷል ተብሎ የተጠረጠረ ልጅ ከሜዳ እንዲወጣ፣ ያለ ሕክምና ባለሙያ ፈቃድም እንዳይመለስ ያዛል። ይህን መጀመሪያ ለእናቶች እነግራለሁ፤ ስለ ትራይ፣ ማለትም ኳሷን ከተጋጣሚ የጎል መስመር አሻግሮ መሬት ስለማስነካት፣ እና ስለ ነጥብ ማውራት የምጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

«ሙያ ይሆናል ወይ?» ለሚሉኝ መልሴ አጭር ነው። ራግቢ ዩኒየን የሚባለው የጨዋታው ዓይነት ለተጫዋች መክፈልን በይፋ የፈቀደው በ1995 ነው። የአሜሪካው ሜጀር ሊግ ራግቢ የመጀመሪያ ውድድሩን ያካሄደው በ2018፣ ከዩኒቨርሲቲ ተጫዋች መምረጥ የጀመረው በ2020 ነው። በሊጉ የሚኒሶታ ቡድን የለም፤ ለኛ የሚቀርበው በ2023 የገባው ቺካጎ ሃውንድስ ነው። ገንዘቡ እንደ ፉትቦሉ አይደለም፤ ትምህርቱን የተወ ልጅ ይጸጸታል። መንገዱ ግን አለ። ጋሬት ቤንደርና ካትሪን ጆንሰን ከዚሁ ግዛት ተነሥተው በ2016 ሪዮ ኦሊምፒክ ላይ በሰባት ሰው ራግቢ ለአሜሪካ ተሰልፈዋል። ኔት ኦግስፐርገር በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ዱሉዝ ተጫውቶ ወደ ሊጉ ቡድን ሳንዲያጎ ሊጅን ገባ፣ የብሔራዊ ቡድኑንም ማሊያ ለበሰ። ቦታው ስክረም ሀፍ ነበር፤ ከየረኩ ኳሷን አንሥቶ የሚያቀብል ሰው። ሌሎቹ በጊዜ ካልተነሡለት እንዲህ ያለ ተጫዋች የሚያነሣው ኳስ አያገኝም።

ከተማችን ውስጥ ባክ ሂል የሚባል የበረዶ መንሸራተቻ ኮረብታ አለ። ከፍታው መቶ ሜትር አይሞላም። የበረዶ ሸርተቴ ተወዳዳሪዋ ሊንዚ ቮን በልጅነቷ በአሰልጣኝ ኤሪክ ሴይለር እጅ የሠለጠነችው እዚያ ነው፤ በ2010 ቫንኩቨር ኦሊምፒክ ላይ የቁልቁለት ወርቅ ወሰደች። ኮረብታው አጭር ስለሆነ ልጅ በአንድ ምሽት ደጋግሞ ይወርዳል፣ ደጋግሞ ይወጣል። በዚህ ምክንያት ኮረብታውን እወደዋለሁ፤ የኛም ልምምድ አጭር ነገር መደጋገም ነው።

ልጆቹ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲደርሱ ለዩኒቨርሲቲ አሰልጣኞች የሚልኩትን ቪዲዮ ያሳዩኛል። ሁሉም ትራይ ነው፤ ሩጫ፣ ሙዚቃ፣ ጭብጨባ። «ይኼ ይቆየን፤ ሰው ጥለህ ስትነሣ የተቀረጸ አለህ?» እላቸዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የላቸውም፤ ቀራጩ አባት ኳሷን ተከትሎ ሄዷል። እንግዲህ በሚቀጥለው ጨዋታ ካሜራውን ወደኋላ እንዲያቆየው ለአባትየው መንገር ነው።